ሽርጥ የሸፈነው ሕመም

ከቆቦ መናኸሪያ በጠዋት በሚነሳ ሚኒባስ ውስጥ በር ዳር ያለው ወንበር የሽማግሌ ነው። ወጣቱ መስኮት ይፈልጋል፤ ሽማግሌው ቶሎ መውረጃ። እስከ ወልድያ ያለው መንገድ ሮቢትንና ጎብዬን አልፎ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የ70 ዓመት አዛውንት ለዚህ ጉዞ መዘጋጀት የሚጀምረው ከማታው ነው፤ ውሃ መጠጣት ያቆማል። የራያ ቆላ በግንቦትና በሰኔ እንዴት እንደሚያቃጥል የሚያውቅ ሰው፣ ውሃ ሳይቀምሱ አድሮ መዋል ኩላሊትን ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም። "ልጄ፣ እስቲ አንዴ አቁምልኝ" ብሎ ሾፌር መለመን አንድ ጊዜ ይቻላል። ሁለተኛው ያሳፍራል። ከሦስተኛው በኋላ ሰውየው መንገድ መሄዱን ይተዋል። መጀመሪያ ወልድያ ይቀራል፤ ቀጥሎ የሩቅ ለቅሶ፤ ከዚያ ሠርግ፤ በመጨረሻ ሽምግልና መቀመጥ። ደም ሲያደርቅ፣ የድንበር ጠብ ሲያበርድ የኖረ ሰው ከዛፉ ጥላ ሲጠፋ መንደሩ "እርጅና ተጫነው" ብሎ ያልፈዋል። እርጅናው እንዳለ ነው፤ ከቤት ያስቀረው ግን የሽንት ችግር ነው፤ ለዚያም ሕክምና አለው።

* * *

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ፕሮስቴት ከፊኛ በታች የሽንት ቧንቧን ከብባ የተቀመጠች ዕጢ ናት። ወንድ ሁሉ አለችው። በጎልማሳነት 20 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከ50 ዓመት በኋላ በብዙ ወንዶች ላይ እያደገች ትሄዳለች። ይህ እድገት ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። የሚያስቸግረው ቧንቧውን ስለሚያጠብ ነው፤ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳል፣ ሽንት ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ አንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ይዘጋል። የፕሮስቴት ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከዕጢዋ የውጭ ክፍል፣ ከቧንቧው ራቅ ካለው በኩል ስለሆነ ምንም ምልክት ሳያሳይ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ሽንቱ ያስቸገረው ሁሉ ካንሰር የለበትም፤ ሽንቱ ደህና የሆነ ሁሉም ከካንሰር ነፃ ነው ማለት አይቻልም። በቡና ላይ የሚሰማው ወሬ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። አላስፈላጊው ፍርሃትም፣ አላስፈላጊው መዘናጋትም የሚመጣው ከዚያ ነው።

* * *

ለፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ የመጀመሪያው ጥያቄ ዕድሜ ነው። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና አማካሪ ቡድን በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ከ55 እስከ 69 ዓመት ያሉ ወንዶች ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ይወስኑ፣ 70 የሞላቸው ግን ምልክት ሳይኖራቸው ባይመረመሩ ይሻላል ይላል። ይህ መስመር የተሠመረው የልደት ቀኑን ለሚያውቅ ሰው ነው። በራያ ገጠር የሽማግሌ ካርድ ላይ የሚሰፍረው ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ በዜሮ ያልቃል፤ 60፣ 70፣ 80። መዝጋቢው ፊት አይቶ ይጽፋል።

ግን ዕድሜ የሚቆጠርበት ሌላ መዝገብ አለ። በ66ቱ ድርቅ ጥጃ ጠባቂ የነበረ ልጅ ዛሬ 60ን ተሻግሯል። በ77 ትዳር ይዞ እህል ፍለጋ ወደ ቆረም የወጣው 65 አካባቢ ነው። ጣልያን ሲወጣ የተወለደው 85 ሞልቶታል። የካርድ ክፍሉ ባለሙያ "ዕድሜዎ ስንት ነው?" ብሎ ከሚያልፍ "አባባ፣ በ77 አግብተው ነበር ወይስ ገና ልጅ ነበሩ?" ቢል ሐኪሙ የሚወስንበት እውነተኛ ቁጥር ያገኛል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ60 እና በ80 መካከል ያለው ልዩነት አንዱን ሰው መርምሮ በማዳንና ሌላውን ሰው በማይጎዳው ካንሰር በማሰቃየት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

* * *

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረ ወዲህ ለእናቶችና ለሕፃናት የሠራው ሥራ የሚመሰገን ነው። ሽማግሌው ግን ከዚህ ሥራ ውጭ ቀርቷል። ባለሙያዋ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ሴት ናት፣ ብዙ ጊዜም የዚያው አካባቢ ልጅ። ቤቱ ስትመጣ ስለ ነፍሰ ጡር ምራቱ፣ ስለ ልጅ ልጆቹ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ትጠይቃለች። ስለ እርሱ የምትጠይቀው ነገር ብዙም የለም። ብትጠይቀውም የአያቷ ባልንጀራ የሆነ ሰው "ሽንቴ ልብሴን ያበላሸዋል" ብሎ ለእርሷ አይነግራትም። በእርሱም በእርሷም አልፈርድም። ወሎ ግን ቅሬ የሚባል የቀብር መረዳጃ ማኅበር አለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወር ጠብቆ የሚሰበሰብበት፣ ወንዶች ከወንዶች ጋር የሚቀመጡበት ቦታ ነው። አንድ ወንድ ነርስ በቅሬ ስብሰባ ላይ ሩብ ሰዓት ቢሰጠው፣ በቤት ለቤት ጉብኝት ያልተሰማው ሁሉ ይሰማል ብዬ አምናለሁ። ቅሬ ሬሳ ከመቅበሩ በፊት ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

* * *

አገር ሁሉ የሰማው የፕሮስቴት ወሬ የንጉሥ ነበር። ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. መሞታቸውን ሲያስታውቅ፣ አሟሟታቸውን ከዚያ በፊት ከተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር አያይዞት ነበር። ሐኪማቸው የነበሩት ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ይህን አልተቀበሉም፤ ቀዶ ሕክምናው ያመጣው እንዲህ ያለ ችግር እንዳልነበረ በግልጽ ተናገሩ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በነበረው የፍርድ ሂደትም ንጉሡ መገደላቸው ቀረበ።

በዚያ ዓመት 20 ዓመቱ የነበረ የቆቦ ወጣት ዛሬ 70 አልፎታል፤ ፕሮስቴት የሚያስቸግርበት ዕድሜ ላይ ነው ማለት ነው። የዕጢዋን ስም መጀመሪያ የሰማው በሬዲዮ፣ ከሞት ማስታወቂያ ጋር ተያይዞ ነው። "እርሱ የተሠራ ሰው አይተርፍም" የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ይህ ነው። ማስረዳት የሚፈልግ ሰው ከዚሁ ታሪክ መጀመር ይችላል፤ ሐኪሙ ራሳቸው የቆሙለት እውነት ቀዶ ሕክምናው እንዳልገደላቸው ነውና።

* * *

በመቀመጫ በኩል በጣት የሚደረገው ምርመራ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። መሣሪያ አይፈልግም፣ መብራት ባይኖርም ይሠራል፣ ጓንት ብቻ ይበቃዋል። የዕጢዋን መጠንና ጥንካሬ ይነግራል፤ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ወይም ጎርበጥ ያለ ነገር ካለ ሐኪሙ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይልካል። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ትንንሹን ካንሰር ይስታል። ምርመራው ሲነገራቸው ልብሳቸውን ሰብስበው የሚወጡ ሽማግሌዎች አሉ። አስቀድሞ "አባባ፣ እንዲህ አድርጌ አይዎታለሁ፣ ያለው ሰው እኔና እርስዎ ብቻ ነን" ብሎ በሩን የሚዘጋ ሐኪም ግን ብዙዎቹን ያስቀራል። በሩ ክፍት በሆነበት፣ ተማሪና አስታማሚ በሚገባበት ክፍል ውስጥ የተከበረ ሰው ልብሱን እንዲያወልቅ መጠየቅ ምርመራውን እንደ መከልከል ነው።

* * *

ኀፍረቱ የራያ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሎይድ ኦስቲን በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ለፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ፕሬዝዳንታቸው እንኳ የሕመሙን ስም የሰሙት በጥር ወር ነው። ኋላ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። ያን ያህል ጦር የሚያዝ ሰው ከደበቀ የሮቢት ገበሬ ለምን ደበቀ ብዬ አልጠይቅም።

የተናገሩም አሉ። ኔልሰን ማንዴላ በ2001 እ.ኤ.አ.፣ በ83 ዓመታቸው፣ ፕሮስቴታቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶ የጨረር ሕክምና አደረጉ፤ ያረፉት በ95 ነው። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ በ1997 ተነገራቸው፤ እስከ 2021፣ እስከ 90 ዓመታቸው ኖሩ። ሁለቱም ሕመማቸውን ሕዝብ እንዲያውቀው አድርገዋል። ቆቦ ላይ አንድ ቃሉ የሚሰማ ሽማግሌ "እኔም ታክሜያለሁ" ቢል ከየትኛውም ፖስተር ይበልጣል።

* * *

ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን ስልክ ይደወላል። "አባባ፣ ፒኤስኤ አሠርተዋል?" ልጅ ባለበት አገር የሰማውን ይጠይቃል። ፒኤስኤ ዕጢዋ የምትሠራው ፕሮቲን በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ የሚለካ ምርመራ ነው፤ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። በሚሊ ሊትር ከ4 ናኖግራም ሲበልጥ ብዙ ጊዜ ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄ ብቻ ነው፣ ፍርድ አይደለም። የሽንት ኢንፌክሽን ከፍ ያደርገዋል፤ ሽንት ተዘግቶ ማደር ከፍ ያደርገዋል፤ የሽንት ማውጫ ቱቦ ማስገባትም እንዲሁ። ፊናስተራይድ የሚባለውን ኪኒን ለወራት የወሰደ ሰው ደግሞ ቁጥሩ በግማሽ ያህል ወርዶ ይታያል፤ ኪኒኑን መውሰዱን ለሐኪሙ ካልተናገረ ውጤቱ ያሳስታል። ስለዚህ ሽንቱ ተዘግቶ በእንቅልፍ አልባ ሌሊት ሆስፒታል የደረሰ ሽማግሌ በማግስቱ በተወሰደ ደም "ካንሰር ነው" ሊባል አይገባም። ኢንፌክሽኑ ታክሞ፣ ጥቂት ሳምንታት አልፈው ይደገማል።

በ1970 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ፕሮቲን ከጻፉት ተመራማሪዎች አንዱ ሪቻርድ አብሊን፣ ኋላ ምርመራው በጅምላ ጤነኛ ሰው ላይ መደረጉን አጥብቀው ተቃውመዋል። በሌላ በኩል ትልቁ የአውሮፓ ጥናት ከ23 ዓመት ክትትል በኋላ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውጤት፣ ለምርመራ ከተጠሩ 456 ወንዶች አንድ ሰው ከፕሮስቴት ካንሰር ሞት ይተርፋል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የአውሮፓው ጥቅም የተገኘው ግን ከደም ምርመራው በኋላ ናሙና ወስዶ የሚመረምር ፓቶሎጂስት፣ ቀዶ ሐኪም፣ የጨረር መሣሪያ ሳይጠፋ ነው። ለዚህ ነው በቆቦ ጤነኛውን ሁሉ አሰልፎ ደም መውሰድ ትክክል የማይመስለኝ። ምልክት ያለው ሰው ግን፣ አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ካንሰር የሞተበትም ሰው፣ ቶሎ መታየት አለበት። አባት ወይም ወንድም ታሞ ከሆነ የራስ አደጋ በእጥፍ ያህል ይጨምራል። በእናት በኩል ያለ የጡት ካንሰርም አንዳንድ ጊዜ ከዚሁ ዘር ጋር ይያያዛል፤ ይህን የሚጠይቅ ግን አልሰማሁም።

* * *

በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የሚሞቱት ከነጮች በሁለት እጥፍ ያህል ነው። ምርምሮቹ የተሠሩት ግን በአብዛኛው በነጮች ላይ ነው። ዋሽንግተን ያለ የራያ ልጅ ከነጭ ጎረቤቱ ቀደም ብሎ፣ ከ45 ዓመቱ ጀምሮ፣ ከሐኪሙ ጋር ቢነጋገር ይገባዋል። እርሱ ያለበት አገር ምርመራውንም ሕክምናውንም ይሰጠዋል። ለአባቱ የሚመክረውንና ለራሱ የሚያደርገውን መለየት አለበት።

* * *

ሦስት ነገሮች የጠበበ ሽንትን በአንድ ሌሊት ይዘጋሉ። የጉንፋን ኪኒን አንዱ ነው፤ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍተው መድኃኒት የፊኛን አንገት ያጠብቃል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ጫት ሌላው ነው፤ በየመን የተደረገ ጥናት ጫት የሽንትን ፍሰት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሦስተኛው በአጭር ጊዜ ብዙ ውሃ መጠጣት ነው። ጠበል ቦታ ሄዶ በባዶ ሆድ በጆግ የሚጠጣ ሽማግሌ፣ ፊኛው ቀድሞውኑ ሙሉውን የማያወጣ ከሆነ፣ ሌሊቱን ሊዘጋበት ይችላል። ጠበሉን ተው የሚለው የለም፤ በትንሽ በትንሹ፣ በየመሃሉ እየሸኑ ይጠጣ።

* * *

ሽንት የሚንጠባጠብበት ሰው መጀመሪያ የሚርቀው ከመስጊድ ነው፣ ወይም ከቤተ ክርስቲያን። ውዱኡ ፈርሷል ብሎ ጁምዓን ይተዋል። ቱቦ የገባለት ምእመን ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል፤ ነፍስ አባቱን ሳይጠይቅ በራሱ ላይ ይፈርዳል። በእስልምና ግን ሽንቱን መቆጣጠር ላልቻለ ሰው ለየሶላቱ ወቅት ውዱእ አድርጎ መስገድ ተፈቅዶለታል። ይህን ሼሁ በግልጽ ቢናገሩ፣ ካህኑም የንስሐ ልጃቸውን ቢጠይቁ፣ ያ ሰው ከኪኒኑ በፊት ግማሽ ሕክምናውን ያገኛል። ሰው ሁሉ ፊት የሚናገረው የሃይማኖት አባት "ሐኪም ይየው" ሲል ደግሞ ሐኪሙ ከሚለው በላይ ይሰማል።

* * *

ሽርጥ የቆላ ልብስ ነው፤ ለሙቀት ይስማማል። በሥሩም ብዙ ይሸሽጋል። ቱቦና የሽንት ከረጢት ጭኑ ላይ አስሮ ማሽላ የሚያርም፣ የመስኖ ቦይ የሚከፍት ሰው በመንገድ ሲያልፍ አይታወቅም። ቱቦው ለቀዶ ሕክምና ወረፋ እስኪደርስ ለጥቂት ሳምንታት ተብሎ የገባ ነበር። ወራት አለፉት። ቱቦ በየጥቂት ሳምንቱ ካልተቀየረ ይደፈናል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ በሙቀት ውሃ ያልጠገበ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ቱቦ የሚያስገባ ጤና ጣቢያ የሚቀየርበትን ቀን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ መስጠት አለበት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

* * *

"ተሠርቶልኛል፣ ተገላገልኩ።" ይህን የሚል ሰው የተሠራለት ብዙ ጊዜ ያደገው የዕጢዋ ውስጠኛ ክፍል ነው። በመሣሪያ በሽንት ቧንቧ በኩል ተፍቆም ሆነ ሆድ ተከፍቶ ቢወጣ የውጭው ልባስ እዚያው ይቀራል፤ ካንሰር በብዛት የሚነሳውም ከዚያ ነው። ሽንቱ መከፈቱ እውነት ነው፤ ከካንሰር ነፃ መውጣቱ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የወጣው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ ምርመራ መላክ አለበት። ውጤቱ ሲመጣ ሽማግሌው ቆቦ ገብቷል፤ ወረቀቱ ደሴ ወይም አዲስ አበባ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ያስታመመ ልጅ ከሆስፒታሉ ሳይወጣ "የሥጋው ውጤት መቼ ነው? ማን ይነግረናል?" ብሎ ስልክ ቁጥር ይዞ ይውጣ።

* * *

በዕጢዋ ውስጥ ብቻ ላለ ካንሰር የእንግሊዝ ሐኪሞች 1,643 ወንዶችን በሦስት ከፍለው ለ15 ዓመታት ተከታትለዋል፤ ከፊሎቹ ቀዶ ሕክምና፣ ከፊሎቹ ጨረር፣ ከፊሎቹ ክትትል ብቻ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት በሦስቱም ቡድን በዚህ ካንሰር የሞተው ከ100 ሰው 3 ያህል መሆኑን አሳየ። በክትትል የቆዩት ላይ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል የተዛመተባቸው ግን በእጥፍ ያህል በዝተዋል፤ 9 ከ100። አስደናቂ ውጤት ነው፤ ብዙ ሰው ከማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና አድኗል። ቆቦ ላይ ግን ተጠንቅቄ ነው የማነብበው። እነዚያ ሰዎች ካንሰራቸው የተገኘው ምንም ሳያማቸው በደም ምርመራ ነው። የእኛ ሰው የሚደርሰው ቱቦ ይዞ፣ ወገቡን ይዞ ነው። ደግሞም ክትትል ማለት በየጊዜው መመለስ ነው፤ ደም መስጠት፣ ናሙና ማስወሰድ። መንገድ በተዘጋበት፣ የትራንስፖርት ገንዘብ በጠፋበት ወር ክትትል የተባለው ነገር መረሳት ይሆናል። ለ82 ዓመት አዛውንት "እናየዋለን፣ ሕመም ሲመጣ እናክማለን" ማለት ግን ትክክለኛ ሕክምና ነው፤ ቤተሰቡ "ሐኪሙ ተስፋ ቆረጠ" ብሎ እንዳይተረጉመው ቁጭ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል።

* * *

በሽታው አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ ዋናው ሕክምና የወንድ ሆርሞንን ማቆም ነው። ይህን ቻርልስ ሃጊንስ በ1941 እ.ኤ.አ. አሳየ፤ በ1966 ኖቤል ተሸለመበት። የተለመደው ማቆሚያ ሁለት ነው። አንዱ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌ ነው፤ ውድ ነው፣ መቋረጥ የለበትም። ሌላው ቆለጥን ማውጣት ነው፤ አጭር ቀዶ ሕክምና ነው፣ በአካባቢ ማደንዘዣም ይሠራል፣ አንዴ ከተደረገ ዳግም አይጠይቅም። ካንሰሩን በመያዝ ረገድ ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው።

የራያ ገበሬ "ቆለጥዎ ይውጣ" ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው የተኮላሸ ወይፈን ነው። በልጅነቱ ይዞ አስኮላሽቷል፤ ቁጣው ሲበርድ፣ ሲሰባ፣ ላም ሲያይ ዝም ሲል ተመልክቷል። ሐኪሙ ከዚህ ሥዕል ጋር እየተነጋገረ መሆኑን ካላወቀ ቃሉ መሬት ይወድቃል። ገበሬው የሚያውቀውም ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ሆርሞኑ ሲቆም ፍላጎት ይጠፋል፣ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ድንገተኛ ሙቀት ፊት ላይ ይወጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ሐዘን ይጫናል። ይህ ሳይደበቅ ሊነገረው ይገባል። የማይነገረው ግን ሌላው ነው፤ መርፌውም ያንኑ ያደርጋል። "ሙሉ ሰው ሆኜ ልቅር" ብሎ በሬ ሸጦ መርፌ የሚገዛ ሽማግሌ፣ የሚቀርለት የአካሉ ቅርጽ መሆኑን፣ ሆርሞኑ ግን በመርፌውም እንደሚቆም ሳያውቅ መክፈል የለበትም። ቅርጹም ቢሆን አንድ መላ አለው፤ የቆለጡን የውስጥ ክፍል ብቻ አውጥቶ ሽፋኑን የሚተው ቀዶ ሕክምና አለ። ይህን የሚነግረው ከሌለ አይጠይቅም።

ከዚያ መንገዱ አለ። ቆቦ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በሰሜኑ ጦርነት ተያዘች፤ በ2014 የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ተዘረፉ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ጦርነቱ ተመልሶ ከተማዋ ዳግም ተያዘች፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህም መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በየሦስት ወሩ መርፌ የሚጠብቅ ሰው በዚህ መሃል ምን ሆነ? መርፌው ሲቋረጥ ሆርሞኑ ይመለሳል፤ ካንሰሩም ይነቃል። ሌላ አገር ሐኪም የበሽተኛውን ምርጫ ሲጠይቅ መንገድን አይቆጥርም። እዚህ መቁጠር አለበት። መርፌውን ማስቀጠል የሚችል፣ ልቡም ቀዶውን ያልተቀበለ ሰው መርፌውን ይውሰድ፤ መብቱ ነው። ግን "መንገዱ ለስድስት ወር ቢዘጋስ?" የሚለው ጥያቄ ከመወሰኑ በፊት ይነሳለት።

* * *

ሐኪሙ ልጁን ወደ ኮሪደር ይጠራዋል። ልጁ ሰምቶ ይመለሳል፤ "አባባ፣ ምንም አይደለም፣ ትንሽ ብርድ ነው" ይላል። ከፍቅር የመጣ ነው፤ አስደንግጦ እንዳይገድለው ነው። ግን ያ አባት የሰው ነፍስ በጠፋበት ጉዳይ ሁለት ወገን አስቀምጦ ሲፈርድ የኖረ ሰው ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ፣ ለሌላው ያረዳ ሰው ነው። የራሱ ጉዳይ ሲሆን ምስክር እንኳ አይደረግም። ቆለጡ እንዲወጣ የሚፈርመው ልጁ ከሆነ፣ አባትየው ደግሞ "ትንሽ ቁስል ነው" ተብሎ ቀዶ ክፍል ከገባ፣ ይህ በደል ነው፤ ፍቅር ቢባልም በደል ነው። እንደ መርዶ ይደረግ፤ የሚያከብረው ሰው ተጠርቶ፣ ቀስ ብሎ፣ በጠዋት፣ ብቻውን ሳይሆን ይነገረው።

ባለቤቱንም የሚጠይቅ የለም። ሌሊት አራቴ አብራው የምትነሳ፣ ልብሱን የምታጥብ፣ ነገሩን ከሁሉ ቀድማ ያወቀች እርሷ ናት።

* * *

ለአባት ሕክምና መጀመሪያ በሬ ይሸጣል፣ ወይም ግመል። ሲያልቅ ሳዑዲ ያለች ልጅ ትጠየቃለች፤ የሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን በአንድ ቀን ትልካለች። ከዚህ አካባቢ ባሕር ተሻግረው የሄዱት ልጆች የስንት አባት ሕክምና እንደከፈሉ የቆጠረ የለም። የሚያሳዝነኝ ገንዘቡ የሚመጣበት ጊዜ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ለአንድ ቀን የወልድያ ጉዞ የሚሆን ብር አልተላከም፤ አባት ስላልተናገረ። አሁን አዲስ አበባ የግል ሆስፒታል ደጃፍ ላይ የሚፈስሰው ብር ዕድሜ አይገዛም። የጤና መድህን ካርድ ያለው ቤተሰብ በሪፈር ሰንሰለቱ ቢሄድ ብዙውን ይሸፈንለታል፤ ግን መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲጠፋ ካርዱ ብዙ ጊዜ ከውጭ አይገዛለትም። ልጅቱ ልትከፍልበት የሚገባት ቦታ እዚህ ክፍተት ላይ ነው። "አባባ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?" ብላ በስልክ ብትጠይቅ ደግሞ ከገንዘቡ በፊት ታድነዋለች።

* * *

ወገብ የማያመው ገበሬ የለም። ስለዚህ ሁሉም ቁርጥማት ይባላል፣ ብርድ ይባላል፣ ኩላሊት ይባላል። የፕሮስቴት ካንሰር ግን ከአካል ሁሉ የሚመርጠው አጥንትን ነው፤ የጀርባ አጥንትንና ዳሌን። ሥራ ሲተው የማይተው፣ ሌሊት የሚብስ፣ ተኝተው የማያርፉበት የወገብ ሕመም ከ55 ዓመት በላይ ባለ ወንድ ላይ ቁርጥማት ነው ተብሎ መተው የለበትም። እግር መስነፍ ከጀመረ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ከተሳነው የአከርካሪ ነርቭ እየታፈነ ሊሆን ይችላል። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። "ምች መታው" ተብሎ ሦስት ቀን ከቆየ እግሩ ላይመለስ ይችላል። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው ሁሉ አስቀድሞ ይህ ቢለጠፍ እመርጣለሁ።

* * *

አጥንት ለገባ ሕመም የጨረር ሕክምና ትልቅ እረፍት ይሰጣል። የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ነበር፤ ወረፋው የታወቀ ነው። ከቆቦ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሽማግሌን እዚያ ማድረስ፣ አልጋ መከራየት፣ ለአስታማሚ ምግብ መግዛት ቤተሰብን ያራቁታል። ስለዚህ አንድ በጥናት በደንብ የተረጋገጠ ነገር እያንዳንዱ አስታማሚ ቢያውቀው እወዳለሁ፤ ለአጥንት ሕመም ማስታገሻ ሲሆን በአንድ ቀን፣ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ የ8 ግሬይ ጨረር ለአምስት ወይም ለአሥር ቀን ተከፋፍሎ ከሚሰጠው ጋር እኩል ሕመም ያስታግሳል። ኋላ መድገም የሚያስፈልጋቸው ይበዛሉ እንጂ እረፍቱ አንድ ነው። አከርካሪ ሲታፈን ወይም አጥንት ሊሰበር ሲቀርብ ሐኪሙ ሌላ ሊመርጥ ይችላል። ሕመም ብቻ ከሆነ ግን አባቱን ይዞ ከራያ የመጣ ልጅ ቀጠሮ ከመቀበሉ በፊት "ዶክተር፣ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል?" ብሎ ይጠይቅ። የአፍ ሞርፊን ማዘዣም ጠይቆ፣ አወሳሰዱን ጽፎ፣ የሆድ ድርቀት መከላከያውን ጨምሮ ይያዝ፤ ቆቦ ሲገቡ ሕመሙ ሌሊት ከተነሳ የሚሰጠው ነገር በእጁ ይሁን።